ባዶ ገጽ ላይ የተፈረመ

ሰኞ፣ አንደኛ ሳምንት

የምርምር ዘዴ ትምህርት ዛሬ ተጀመረ። መምህርቷን ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች "እትዬ ለምን" ብለው ሰይመዋታል። ስሙ እንዴት እንደወጣላት በአምስት ደቂቃ ገባኝ። አንዱ ተነስቶ "በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ላይ ነው የማጠናው" አለ። "ለምን?" አለችው። መለሰ። "እሱስ ለምን?" አለችው። አራተኛው ላይ ልጁ ተቀመጠ።

የእኔ ተራ ሲደርስ ተዘጋጅቼ ነበር። የብረት ገመድ ነው የማጠናው፤ የሕንፃ አሳንሰር የሚያንጠለጥለውን፣ ክሬን የሚያነሳበትን። ዝገት የበላው ገመድ ከመበጠሱ በፊት ስንት ይሸከማል? ስድሳ ናሙና እስኪበጠስ ድረስ እጎትታለሁ። "ለምን ስድሳ?" አለች። "አማካሪዬ ስላለ" አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ደሜ ፈላ። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ የወንበሩን ጠርዝ ጨብጬ ቀረሁ።

ሁለት ደብተር እንድንይዝ አዘዘች። አንዱ የሥራ ደብተር ነው፤ ገጹ በቁጥር፣ ጽሑፉ በእስክሪብቶ፤ መቅደድ የለ፣ መፋቅ የለ። ስህተት በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ ከሥሩ ያለው ግን መነበብ አለበት። በየገጹ ግርጌ ሥራውን በዓይኑ ያየ ምስክር ቀንና ሰዓት ጽፎ ይፈርማል። ሁለተኛው ይሄ ነው። ቁጥር የማይናገረውን የምንጽፍበት፦ ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር፣ ደክሞን ነበር ወይ፣ ተናደን ነበር ወይ። "አላነበውም፤ ግን ብትዋሹበት ደብተሩ ያውቃል" አለች። ደብተር ያውቃል! አስተማሪ ሲያረጅ እንዲህ ነው።

ረቡዕ፣ አንደኛ ሳምንት

ቤተ ሙከራው ምድር ቤት ነው። መስኮቱ ከመንገዱ እኩል ስለሆነ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። የመጎተቻው ማሽን መሃል ላይ ቆሟል፤ ሁለት ሰው ቢደራረብ አይደርስበትም። ገመዱን ከላይና ከታች በመንጋጋው ነክሶ ይይዝና ይለጥጠዋል። ዙሪያውን በወፍራም ፕላስቲክ ታጥሯል። በሩ ሲከፈት ማሽኑ ራሱ እንዲቆም ጥግ ላይ ትንሽ ማብሪያ አለችው።

ማሽኑን የሚያሠሩት ቴክኒሽያን ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ኖረዋል። ተማሪው "ጋሽ ቆይ" ይላቸዋል። ቦልት ሲጠብቅ "ቆይ"፣ ሲላላ "ቆይ"፣ ሰላም ስትላቸውም መጀመሪያ "ቆይ" ነው።

የመጀመሪያውን ናሙና ጎተትን። ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ቀጭ፣ ቀጭ አሉ። ከዚያ ዝም። ከዚያ ጧ! ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ የተበጠሰው ጫፍ አጥሩን ገርፎ ነጭ ሰንበር አወጣበት። ክው አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ወዲያው ሌላ ማየት አማረኝ።

"ያ ሰንበር ፊትህ ላይ ይሆን ነበር" አሉኝ ጋሽ ቆይ። "በሩ ለዚህ ነው።"

አርብ፣ ሁለተኛ ሳምንት

በሳምንት አራት ናሙና! ገመዱ ከመንጋጋው ይንሸራተታል። ለማስተካከል በሩን ስከፍት ማሽኑ ይቆማል፣ የመለኪያው ዜሮ ይዛባል፣ እንደገና ለማስነሳት አርባ ደቂቃ። በዚህ አካሄድ ስድሳው ሲያልቅ ጢሜ ይሸብታል።

አማካሪዬ ኮሪደር ላይ ያዘኝ። "በስምንተኛው ሳምንት ውጤት ካላየሁ የዘንድሮን ምረቃ እርሳው" አለ፣ እየሳቀ። ጥርሱን ማርገፍ አማረኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ የተማሪዎቿን ፈተና እያረመች ነበር። "ምነው ፊትህ?" አለች። አንድ ነገር መለስኩላት። ብርጭቆ ተሰበረ። ወደቀ ማለት ይቻላል።

ማክሰኞ፣ ሦስተኛ ሳምንት

ጋሽ ቆይ ከሰዓት በኋላ ላይኛው ፎቅ ሌላ ክፍል ያሠራሉ። ለእያንዳንዱ ገጽ ፊርማ ብዬ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ቀኑ አለቀ። ዛሬ ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው።

"ጋሼ፣ አሥር ገጽ አስቀድመው ቢፈርሙልኝስ?"

"ቆይ። ባዶ ላይ?"

"ባዶ አይደለም እኮ። ቁጥሩን እኔ እሞላዋለሁ። የምሠራውን ያውቁት የለ?"

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አሉ። ግን መነጽራቸውን አጠለቁና ፈረሙ፣ ከገጽ 55 እስከ 64። ቀንና ሰዓቱን እንድሞላው ተዉልኝ። "ለሰው ባዶ ወረቀት ስፈርም ይሄ መጀመሪያዬ ነው፤ ልጄ ነህ ብዬ ነው" አሉ። እጃቸው ሲፈርም እንኳ አይቸኩልም። እያንዳንዱን ፊርማ እንደ ቦልት ነው የሚያጠብቁት።

ሐሙስ፣ ሦስተኛ ሳምንት

ስድስት ናሙና በአንድ ከሰዓት! ዘዴ ተገኘ። ዘዴውን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

ባለቤቴ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ጥቁር ቴፕ አገኘች። "የተቀደዱትን የልጆች መጻሕፍት ልለጥፍበት" አለች። ሰጠኋት። ለእኔ የሚያስፈልገኝ ቁራጭ ብቻ ነበር።

ሰኞ፣ አራተኛ ሳምንት

እትዬ ለምን ዛሬ ስለ ስህተት አስተማረች። "ውጤት ሲበላሽ መሣሪያውን ትወቅሳላችሁ፣ ከዚያ ናሙናውን፣ ከዚያ መብራት ኃይልን። ተሳስታችኋል። መጀመሪያ እጃችሁን ጠርጥሩ።" ሁሉም ጻፈው። እኔ አልጻፍኩም። የቀኝ እጄ አንጓ አብጦ እስክሪብቶ አልይዝ ብሎኛል። አርብ ዕለት መንጋጋው አልከፈት ሲለኝ በቡጢ ነበር ያልኩት።

ቅዳሜ፣ አራተኛ ሳምንት

ባለቤቴ "ድምፅህ ተለውጧል" አለች። "ቤት ውስጥ የምትናገረው ከማሽን ጋር እንደሚጣላ ሰው ነው።" ዝም በይ አልኳት። ዝም አላለችም። ልትወጣ ስትል ክንዷን ያዝኩ። ያዝኩ ብቻ።

እሑድ

ፀሐዩ እሳት ነው። እሷ እጅጌ ረጅም ለብሳለች።

ረቡዕ፣ አምስተኛ ሳምንት

ናሙና 41። ተበጠሰ። ጋሽ ቆይ ተመቱ። ቀኝ ዓይናቸውን ነው። በሩ ክፍት ነበር።

እንደገና ረቡዕ

እጄን አራቴ ታጠብኩ። ደሙ ጫማዬ ውስጥ ገብቷል፤ ካልሲዬ እንደ ሙጫ ተጣብቋል። ወለሉ ላይ በጎናቸው ወድቀው በመዳፋቸው ፊታቸውን ሸፍነዋል፤ በጣቶቻቸው መሃል ይወርዳል። አልጮኹም። እኔ ነኝ የጮህኩት። አምቡላንሱ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም። "ቆይ" ብለው ነበር፣ ከመበጠሱ በፊት። በሩ ክፍት ነበር፤ ሌላ የምጽፈው የለኝም።

መዶሻውን አጥቤ ቦታው መለስኩት።

ሐሙስ፣ አምስተኛ ሳምንት

ጠዋት ሰው ሳይገባ ምድር ቤት ወረድኩ። ማብሪያዋን አጸዳኋት። ሙጫው ጥፍሬ ሥር ገብቶ አልወጣ አለ።

አራት ሰዓት ላይ የደኅንነት ኃላፊው መጣና የሥራ ደብተርህን አምጣ አለ። "ግማሽ ሰዓት ስጠኝ፣ ትናንት ሳልጨርሰው ነው የቀረው" አልኩት። ገጽ 63 ባዶ ነበር። ግርጌው ላይ ግን ፊርማቸው አለ።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ናሙናው በጭነት ላይ እያለ ቴክኒሽያኑ በሩን ከፍቶ ገባ። ተማሪው መቆጣጠሪያው ጋ ነበር።" ማሽኑ ቢቆምም ገመዱ እንደተወጠረ ስለሚቆይ ነገሩ ያስኬዳል። ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው ማለት አይቻልም፤ ገብተዋል እኮ! ካፈርኩ አይመልሰኝ አለ ሰውዬው። ቀኑንና ሰዓቱን ሞልቼ አስረከብኩ።

ማክሰኞ፣ ስድስተኛ ሳምንት

ዓይናቸው አልተረፈም። ሐኪሙ አውጥቶታል።

ኮሚቴው ዛሬ ተቀመጠ። ፋሻቸው ሳይፈታ ነው የመጡት፣ ልጃቸው ደግፋቸው። ገጽ 63 ተነበበላቸው። "እርስዎ ምን ይላሉ?" ሲባሉ ደብተሩን ጠየቁ። በቀረችው ዓይናቸው እኔን ሳይሆን ፊርማውን አዩ። አገላብጠው አዩት። አሁን ይናገራሉ፣ አሁን አለቀልኝ።

"ፊርማው የእኔ ነው" አሉ።

ደብተሩን ዘግተው መለሱ። በራሳቸው ጥፋት ተብሎ ከሥራ ተሰናበቱ። ሃያ ስድስት ዓመት! ሲወጡ የበሩን መቃን በትከሻቸው መቱት፤ ርቀቱን አልለዩትም። አማካሪዬ ኮሪደር ላይ ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረገና "ደግ አደረግህ፣ ሁሉን በጽሑፍ መያዝ ነው" አለኝ።

አርብ፣ ስድስተኛ ሳምንት

የውሃ ማሞቂያው ልጅ ደረጃው ላይ ለጓደኛው ሲያወራ ሰማሁት። "ሃያ ስድስት ዓመት በር ሲዘጋ የኖረ ሰው ያን ቀን ምን ነካውና ከፈተ?"

አንገትጌውን ይዤ ከግድግዳው አጣበቅሁት። መታሁት። ሁለቴ። አራቴም ይሆናል። ከንፈሩ ተሰነጠቀ፣ ጥርሱ ቡጢዬን ቀደደኝ። ጥበቃዎች ገላገሉን። የገረመኝ፣ አልከሰሰኝም። ደሙን ጠርጎ እንደ ታማሚ አየኝና ሄደ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው የሚያናድደኝ።

እሑድ፣ ሰባተኛ ሳምንት

ባለቤቴ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ቴፕ አስቀምጣ ጠበቀችኝ።

"ከዚህ ላይ የተቆረጠው ምን ላይ ዋለ?"

"ሽቦ አሰርኩበት።"

"የምን ሽቦ?"

"የመብራት።"

"በሩን የከፈቱት እሳቸው ናቸው?"

"ፈርመዋል እኮ!"

"እሱን አልጠየቅሁህም። ይሄማ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው" አለች። ከአፏ ከወጣ በኋላ ሁለታችንም ደነገጥን። ከዚያ የቁም ሳጥኑን በር በእርግጫ መታሁት። መስተዋቱ ረገፈ። እሷ ወደ ጥግ ሸሽታ ክንዶቿን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆመች፣ ልክ እሳቸው ወለሉ ላይ እንደሆኑት። አልነካኋትም። ለመንካት ሁለት እርምጃ ቀርቶኝ ነበር። ሻንጣዋን ይዛ እህቷ ቤት ሄደች። መስተዋቱን ስለቅም ውዬ ጣቴን ሦስት ቦታ ቆረጠኝ። እሰይ።

ረቡዕ፣ ስምንተኛ ሳምንት

ስድሳው አለቀ። አዲሱ ቴክኒሽያን ወጣት ነው፤ ከገጽ 65 ጀምሮ የሚፈርመው እሱ ነው፤ ያዘዝከውን ያደርጋል፣ "ቆይ" አይልም። ግራፉ ያማረ ነው። አማካሪዬ "ይታተማል" አለ። ናሙና 41 መስመሩ ላይ ልክ ገብታ ቁጭ ብላለች። ላወጣት ፈለግሁ። ያለጽሑፍ ምክንያት ናሙና አይጣልም፤ ምክንያቱን ደግሞ መጻፍ አልችልም። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔው እየከበደኝ ነው፤ ምናልባት ተራው አልደረሰ ይሆናል።

ከሰዓት እትዬ ለምን የሥራ ደብተሮችን አየች። የእኔን ገጽ በገጽ፣ በጣቷ እየተከተለች። 63 ላይ ቆመች። ወደ 54 ተመለሰች። እንደገና 63።

"እስከ 54 ሰዓቱን የጻፉት እሳቸው ናቸው። ከ55 እስከ 63 ያለው የአንተ እጅ ጽሑፍ ነው። ለምን?"

የምትጮህብኝ መሰለኝ፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር፣ ጩኸት እችልበታለሁ። ደብተሩን ዘግታ መለሰችልኝ።

"ተፈርሞ ባዶ የቀረ ገጽ አለህ?"

"አንድ አለ። 64።"

"እንግዲህ" አለችና ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፈች።

ሐሙስ፣ ስምንተኛ ሳምንት

ገጽ 64 ላይ የጻፍኩትን እዚህም እገለብጠዋለሁ።

"ማብሪያዋን በቴፕ ያሰርኳት እኔ ነኝ፣ በሦስተኛው ሳምንት። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ናሙና 41 ከመንጋጋው ሲንሸራተት ተናደድኩ፤ ማሽኑ እየጎተተ መዶሻ ይዤ ገባሁና መንጋጋውን መታሁት። ሦስት ጊዜ። ቴክኒሽያኑ ከደረጃው ሲወርዱ አዩኝ። 'ቆይ!' እያሉ ሮጡ። አንገትጌዬን ይዘው ወደ ኋላ ወረወሩኝ። ገመዱ ሲበጠስ እኔ በነበርኩበት ቦታ ላይ የቆሙት እሳቸው ናቸው።"

የፈራሁት ስጽፍ አልነበረም፤ ጽፌ ጨርሼ ግርጌውን ሳየው ነው። ፊርማቸው እዚያው አለ። አሁንም ያላዩትን ሊመሰክሩ! እንደዚህ ብሰጠው 63ን ነው የምደግመው። ደብተሩን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ።

የከፈተችው ልጃቸው ናት። አየችኝና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ወደ ውስጥ "ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ! አባባ፣ ፈረስህ መጥቷል!" አለች። ወዲያው በጥፊ አጮለችኝ። ጆሮዬ ጭው አለ። እጄ ተነሳ። ተነስቷል፣ እውነቱን ነው የምጽፈው፤ እሷም አይታዋለች፣ ግን አልሸሸችም። አወረድኩት።

"ቆይ፣ ይግባ" የሚል ድምፅ ከውስጥ ተሰማ።

መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ዳዶና ቦልት ያገጣጥማሉ። ዳዶዋ የቦልቱን ጫፍ ስታ ታልፋለች፤ መልሰው ይሞክራሉ፤ ደግማ ታልፋለች። "በአንድ ዓይን ርቀት አይለይም" አሉ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ። "ልምምድ ነው። ተቀመጥ።"

አልተቀመጥኩም። ቆሜ አነበብኩላቸው። ስጨርስ "በሩ ያለበትን ድገመው" አሉ።

"በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።"

"እህ።"

"ጋሼ፣ ያን ቀን ለምን አልተናገሩም?"

"ፊርማው የእኔ ነበራ። የፈረመ ሰው ምን ብሎ ይናገራል? ሳላይ ፈረምኩ ልበል?" ቦልቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "ባዶ ላይ መፈረሜንም ጻፈው። እሱ የእኔ ጥፋት ነው፣ አትደብቅልኝ።"

ጻፍኩት። ደብተሩን ወደ እሳቸው ጎተቱ። እስክሪብቶው መጀመሪያ ወረቀቱን ስቶ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ልጃቸው እጃቸውን ልትይዝላቸው ስትል "ተይው" አሏት። በግራ ጣታቸው የገጹን ጠርዝ ዳሰሱ፣ በጣታቸው እየመሩ የድሮ ፊርማቸው ጋ ደረሱና በአንድ መስመር ሰረዙት። መስመሩ ጠመመ። እኚህ ሰው ያለ ማስመሪያ ቀጥ አድርገው የሚያሰምሩ ነበሩ። ከሥሩ ቀኑን ጻፉ። ሰዓቱን ልጃቸውን ጠየቁ፤ "አሥር ከሃያ" አለች፤ ጻፉ። እንደገና ፈረሙ፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ቦልት እያጠበቁ።

"63ንስ?" አልኳቸው።

"እሱን አንተ ሰርዘው። በአንድ መስመር። ከሥሩ ያለው ይነበብ።"

ሰረዝኩት። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ።

"እሱ ገጹ ላይ የለም" አሉ። "ሌላ ቀን።" ዳዶዋን አነሱ። ልጃቸው በሩን ከኋላዬ ዘጋችው።

አርብ፣ ስምንተኛ ሳምንት

ደብተሩን ለደኅንነት ኃላፊው ሰጠሁ። የጋሽ ቆይ ጉዳይ እንደገና ይታያል፤ ሰኞ ኮሚቴው ይሰበሰባል። እኔ ከትምህርቱ ታግጃለሁ፤ ወደፊት የሚሆነውን እነሱ ያውቃሉ። አማካሪዬ ቢሮው ጠርቶ "በገዛ እጅህ!" ብሎ ጮኸብኝ። አዎ፣ በገዛ እጄ። እትዬ ለምንን ደረጃው ላይ አገኘኋት። ምንም አልጠየቀችኝም። የውሃ ማሞቂያውን ልጅ ፈለግሁት፣ አልመጣም። ከንፈሩ ገና አልዳነም አሉ።

ቅዳሜ፣ ስምንተኛ ሳምንት

ቤቱ ጭር ብሏል። ይሄን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት። አስተማሪዋ እውነቷን ነው።

ብርጭቆው አልወደቀም፤ ወርውሬዋለሁ። ልጁን የመታሁት ስድስት ጊዜ ነው። አራተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ላይ ስደርስ እስክሪብቶ አነሳሁ። "ያዝኩ ብቻ" የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዝኩ። በላዩ "እስክትጮህ ጠመዘዝኩት" ብዬ ጻፍኩ። ቀንና ሰዓት ጨመርኩ። የምስክሩን ቦታ ባዶ ተውኩት፤ ያየችው እህቷ ቤት ናት።